ዋንጋሪ ማታይ፡ ከቤተ ሙከራ ወደ ችግኝ ጣቢያ

በአውሮፓውያኑ 1971 ዋንጋሪ ማታይ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሕክምና አናቶሚ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች እዚህ ማዕረግ ላይ በመድረስ የመጀመሪያዋ ነበሩ።

ጉዞው የተጀመረው በአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። ዋንጋሪ በ1940 በኔሪ አካባቢ፣ ኢሂቴ በተባለች መንደር ተወለዱ። በዚያ ዘመን ወደ ትምህርት ቤት የሚላኩት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው እኅቱ ለምን እንደማትማር እናቱን ጠየቀ፤ እናትም ልጃቸውን አስመዘገቡ።

ከሊሙሩ የሎሬቶ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በኋላ በ1960 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አሜሪካ አቀኑ። በካንሳስ ሥነ ሕይወት ተምረው በፒትስበርግ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ።

በ1966 ወደ ናይሮቢ ሲመለሱ ቃል የተገባላቸው የምርምር ረዳትነት ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። በፆታቸውና በብሔራቸው ምክንያት አድልዎ እንደተፈጸመባቸው ያምኑ ነበር። በእንስሳት ሕክምና አናቶሚ ክፍል ሥራ የሰጧቸው ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ራይንሆልድ ሆፍማን ናቸው። ዋንጋሪ በ1976 የዚያው ክፍል ኃላፊ፣ በቀጣዩ ዓመት ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከባዮኬሚስቷ ቨርቲስቲን ምባያ ጋር በመሆንም ሴት መምህራን ከወንዶች እኩል ጥቅማጥቅም እንዲያገኙ ታገሉ።

በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረቱ። በገጠር ጅረት ሲደርቅና ማገዶ ሲጠፋ ቀድሞ የሚቸገሩት ሴቶች ነበሩ። የደን ባለሙያዎች ግን ያልተማሩ ገበሬዎች ደን ማልማት መቻላቸውን ተጠራጠሩ። ዋንጋሪ ሴቶቹን እህል ከመዝራት የሚያውቁትን እንዲጠቀሙ አበረታቱ። ሴቶቹ ከአካባቢያቸው ዛፎች ዘር እየለቀሙ በተሰበረ ሸክላ ሳይቀር ችግኝ አፈሉ፤ ለጸደቀው ችግኝም አነስተኛ ክፍያ አገኙ። ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ተባሉ።

በ1982 ለፓርላማ ለመወዳደር ማስተማራቸውን ለቀቁ። ዕጩነታቸው ውድቅ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው መልሶ አልቀበላቸውም፤ ከሚኖሩበት የዩኒቨርሲቲው ቤትም ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጊዜያቸው የንቅናቄው ሆነ። በ1989 በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ሊገነባ የታቀደውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃውመው ዕቅዱ ተሰረዘ።

በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆኑ። በወቅቱ ንቅናቄው የተከላቸው ዛፎች 30 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገልጾ ነበር።

መስከረም 25 ቀን 2011 በናይሮቢ በካንሰር ሲያርፉ 71 ዓመታቸው ነበር። መልሶ ያልተቀበላቸው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የተሰየመ የሰላምና የአካባቢ ጥናት ተቋም አለው። ዕውቀታቸው ግን ከዚያ ቀድሞ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጠው በማያውቁ ሴቶች እጅ ፍሬ አፍርቷል።