ለቤት ሠራተኛ የሠርግ ገንዘብ የተናዘዘው ዓሣ አጥማጅ

እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በዓለም የሚታወቀው ስለ ዓሣ ማጥመድ በጻፈው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1653 ወጥቶ እስከ ዛሬ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ታትሟል። ሰውየው በ90 ዓመቱ ኑዛዜ ሲጽፍ ግን በሰው ቤት የምታገለግል ሴትንም እንዳስታወሰ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ዋልተን በ1593 ስታፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መጠጥ ቤት ነበረው፤ ልጁ ገና በሦስት ዓመቱ ሞተበት። ዋልተንም አድጎ ወደ ለንደን ሄደና ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ዘመዱ ዘንድ ሥራ ለመማር ገባ። በኋላ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ኑሮው ተቃና ቢባልም ቤቱ ግን ሐዘን አልተለየውም። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከራሔል ሰባት ልጆች ወልዶ አንዱም አላደገለትም፤ እሷም በ1640 አረፈች። ከሁለተኛ ሚስቱ ከአን የተወለዱት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ብቻ ናቸው ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ እርስ በርስ ተዋጋች፤ ንጉሡም በ1649 አንገቱ ተቀላ። ዋልተን የንጉሡ ወገን ነበር። መጽሐፉ የወጣው ወገኖቹ በተሸነፉበት፣ እሱም 60 ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጦርነት የለም፤ በወንዝ ዳር እየተጨዋወቱ የሚጓዙ ሰዎች ናቸው ያሉት። አጥማጁ ላም አላቢ ልጅና እናቷን ያገኝና ዓሣውን ሰጥቷቸው በለውጡ ዘፈን ይጠይቃቸዋል። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው፤ ሠራተኛዋ ልጅ እዚያ የምትታየው እንደ ዕቃ ሳይሆን የምትሰጠው ነገር እንዳላት ሰው ነው።

የሚገርመው ዋልተን የዝነኛውን ጥበብ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድን፣ እምብዛም አልተካነበትም። ስለ ዝንቡ የጻፈውን የወሰደው ቶማስ ባርከር ከተባለ ሰው ነው፤ ባርከር ደግሞ ሥራው ወጥ ቤት፣ የታላላቅ ሰዎች ምግብ አብሳይ ነበር። የጎደለውን የሞላለት በ37 ዓመት የሚያንሰው ወዳጁ ቻርልስ ኮተን ነው። ኮተን ባለርስትና ገጣሚ ቢሆንም ዕዳ የማይለቀው ሰው ነበር። ርስቱ ዳቭ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። በ1674 እዚያ ትንሽ የአጥማጆች ቤት ሠርቶ ከበሩ በላይ የሁለቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጠላልፎ አስቀረጸ።

ዳቭ ከኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች መካከል የሚወርድ ጥርት ያለ ወንዝ ነው። በውስጡ ትራውት የሚባለው ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ይኖራል፤ ማንም ያረባው ሳይሆን እዚያው ተፈልፍሎ ያደገ፣ ስለዚህም ጥርጣሬ የማያጣው ነው። ትራውት ፊቱን ወደ ወራጁ ውኃ አዙሮ ምግቡ እስኪመጣለት ይጠብቃል። በበጋ ውኃው ሲጎድልና ሲጠራ የሰው ጥላ ከወደቀበት አለቀ፤ ወደ ድንጋዩ ሥር ይገባል። ኮተንም በ1676 በዋልተን መጽሐፍ ላይ በጨመረው ክፍል አጥማጁ ከዳር ርቆ እንዲቆምና ክሩን እጅግ እንዲያቀጥን አስተማረ። ዘንጉ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩ ከፈረስ ጭራ ይገመዳል፣ መንጠቆው አጠገብ ግን የሚቀረው ሁለት ጸጉር ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር የሚሆን ትራውትን በሁለት ጸጉር ማውጣት የማይችል አጥማጅ መባል እንደማይገባው ኮተን ያምን ነበር። ዝንቡን የሚሠራው በመንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር እየጠቀለለ ነው፤ የግመል ጸጉር ሳይቀር ይጠቀም ነበር። ለየወሩም የተለየ ዝንብ አለው። በሜይ ማብቂያና በጁን ትልልቆቹ ክንፋም ነፍሳት ከውኃው ሲወጡ ትራውቱ ጥንቃቄውን ትቶ ይበላል።

ዋልተን ኑዛዜውን የጻፈው በኦገስት 1683 ነው። በስታፎርድ አቅራቢያ የነበረችውን እርሻ ለወንድ ልጁ ተናዘዘ፤ ልጁ እስከ 41 ዓመቱ ካላገባ ግን እርሻዋ ለከተማዋ ድሆች ትሁን አለ። ከገቢዋ በየዓመቱ 10 ፓውንድ የድሃ ወላጆችን ሁለት ልጆች ሙያ ያስተምርበት። 5 ፓውንድ ደግሞ 21 ዓመት ለሞላት፣ በአንድ ቤት ብዙ ለቆየች የቤት ሠራተኛ፣ ወይም ለአንድ ድሃ ሰው ልጅ፣ በሠርጓ ቀን ይሰጥ። የተረፈው በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ለድሆች የድንጋይ ከሰል ይግዛ፤ ድሃን ብርዱ የሚያጠብቀው ያን ጊዜ ነው ብሎ ነበርና።

በዚያ ዘመን 5 ፓውንድ ለብዙ ሠራተኞች የዓመት ደመወዝ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነው። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ ዕድሜዋን በሰው ቤት ጨርሳ ያላገባች ሴት ከዚህ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አታገኝም። ያገለገለችበት ዓመት ብቻውን ለምን እንዳልበቃ ኑዛዜው አይናገርም።

ዋልተን በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በዲሴምበር 15 ቀን 1683፣ በዊንቸስተር ሞተ። የዚያ ክረምት ብርድ የለንደንን ወንዝ ቴምስን ሳይቀር በረዶ አድርጎት ነበር። ልጁ ቄስ ሆኖ ሳያገባ በ1719 አረፈ፤ እርሻዋም ለስታፎርድ ሆነች። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በውስጡ የድሮ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች ተቀምጠዋል።