ስለ ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ሙሴ የሚባል፥ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ አንድ አገልጋይ ነበረ። ሰውነቱ ግዙፍ፥ ክንዱም ብርቱ ነበረ፤ ነገር ግን ሌብነትን ስላበዛ ጌታው ከቤቱ አባረረው፤ እጁም እስከ ነፍስ መግደል እንደ ደረሰ ተጽፎአል። ከዚያም ወዲያ የወንበዶች አለቃ ሆነ። አንድ እረኛ ሌሊት ሥራውን ስላሰናከለበት ሊገድለው ቈርጦ፥ ዓባይ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ልብሱንም በራሱ ላይ አኑሮ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ተሸሽጎ ባጣው ጊዜ 4 ምርጥ አውራ በጎች አርዶ በገመድ እየጎተተ ተመለሰ፤ ቆዳቸውንም በወይን ጠጅ ለወጠ።

ይህ ሰው በኋላ ልቡ በጸጸት ተነክቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገብቶ መነኰሰ። መከራው በዚህ ያበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ቀን የመጣበት ከመነኰሰ በኋላ ነው። የቀድሞው ልማዱ ሌሊትና ቀን ታገለው፤ በበዓቱ መቀመጥ እስኪሳነው ድረስም ተጨነቀ። ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ጭንቀቱን ነገረው፤ መምህሩ ወደ በዓቱ እንዲመለስ ቢመክረውም ከእንግዲህ ወዲህ እንደማይችል ተናገረ። ተስፋውም በዚያች ሰዓት ተሟጦ ነበር።

አባ ኤስድሮስም አላባረረውም። እጁን ይዞ ወደ ሰገነት አወጣው፤ በምዕራብ በኩል ለጦርነት የሚታወኩ ብዙ አጋንንትን፥ በምሥራቅ በኩል ግን ቍጥር የሌላቸው ብርሃናውያን መላእክትን አሳየው፤ የሚረዱት ከሚዋጉት እንዲበልጡም አስረዳው። ሙሴም ልቡ ጸንቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ።

ጦርነቱ ግን በዚያች ቀን አላለቀም። 6 ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ሲጸልይ ኖረ። ከዚያም በጨለማ እየወጣ፥ ውኃ ለመቅዳት አቅም ያነሳቸውን የሽማግሌዎች መነኰሳት እንስራ እየወሰደ ይሞላላቸው ጀመር። ለዝርፊያ ወንዝ የተሻገረው ጕልበት አሁን የደካሞች አገልጋይ ሆነ። አንድ ሌሊት በውኃው ጕድጓድ አጠገብ ሰይጣን ወገቡን መትቶት እንደ ሙት ወደቀ፤ አንድ ዓመትም ታመመ፤ ቢሆንም ትግሉን አልተወም። በኋላም ለክህነት ማዕረግ በቃ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወንድም በድሎ ስለ ነበረ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት። እሱም የሚያፈስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምክንያቱን በጠየቁት ጊዜ፥ የራሱ ኃጢአት ሳያየው በስተኋላው እየፈሰሰ በሌላው በደል ሊፈርድ መምጣቱን ገለጠላቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው በወንድማቸው ላይ መፍረድን ትተው ይቅር አሉት።

በ75 ዓመቱ፥ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ እንዳረፈ ተጽፎአል፤ በርበሮች ገዳሙን በወረሩ ጊዜ በሰይፍ መሞቱንም የአባቶች ታሪክ ይነግራል። ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያውን ሰኔ 24 ቀን ታደርጋለች።

እንግዲህ ንስሐ ከገባ በኋላ ዳግመኛ የተጨነቀ ሰው ድካሙን እንደ መጨረሻው አይቍጠረው። ሙሴም የዳነ በአንድ ቀን ብርታት አይደለም፤ አልችልም ባለ ጊዜ እጁን የሚይዝ አባት ስላገኘ፥ እሱም ወደ በዓቱ ስለ ተመለሰ ነው። ስለዚህ የወደቀውን ወንድም በበሩ የሚቀበል ሰው የአባ ኤስድሮስን ሥራ ይሠራል።