ጭምቱ ሊቅና በፖስታ ያፈራቸው የሙያ ወዳጆቹ፦ የዊላርድ ጊብስ የሕይወት ታሪክ

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የአገራችን ብሂል። አባባሉ እውነትነት እንዳለው በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ነው። በስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚናገር፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ቶሎ የሚግባባ፣ በደረሰበት ሁሉ ስሙን የሚያስተዋውቅ ባለሙያ በር ሲከፈትለት፣ ጭምቱና ዓይነ አፋሩ ግን ምንም ያህል ዕውቀት ቢኖረው ሥራውን ይዞ በጓዳው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከትውልድ ከተማው እምብዛም ሳይርቅ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግና ደጅ ሳይጠና፣ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት ጋር የሙያ ዝምድና የመሠረተ አንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው የቴርሞዳይናሚክስን ሳይንስ ለኬሚስትሪና ለብረታ ብረት ሥራ መሠረት ያደረገው አሜሪካዊው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ነው። የሕይወቱ ታሪክ የዝምታን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ዋጋውንም ጭምር ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊብስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1839 በኮነቲከት ክፍለ ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ነው። የእርሱን ስም የተሸከመው አባቱ በዬል ኮሌጅ የቅዱሳት መጻሕፍት መምህርና የቋንቋ ሊቅ ነበር። ልጁ በተወለደበት ዓመት አሚስታድ በተባለችው መርከብ ላይ በባርነት ሲጓጓዙ ያመፁ አፍሪካውያን ተይዘው በኒው ሄቨን ታሰሩ። ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው ባለመገኘቱ የደረሰባቸውን ግፍ ለዳኛ ማስረዳት አልቻሉም። አባትየው ወደ እስር ቤቱ ሄዶ ጣቶቹን እያሳየ ከአንድ እስከ አሥር ያለውን ቁጥር በቋንቋቸው ተማረ። ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ወደብ ወርዶ በመርከበኞች መካከል እየተዘዋወረ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። በመጨረሻም ጄምስ ኮቪ የተባለ የሜንዴ ቋንቋ የሚያውቅ መርከበኛ ተገኘ። በእርሱ አስተርጓሚነት የእስረኞቹ ቃል ተሰማ፤ በ1841 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃነታቸውን አወጀላቸው። ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን ቋንቋ ይዞ የሚሰማውን ሰው መፈለግ ለልጁም የዕድሜ ልክ ሥራ ሊሆን ነበር።

ወጣቱ ጊብስ በ1854 ዬል ገብቶ በላቲንና በሒሳብ ሽልማት እያገኘ በ1858 ተመረቀ። በ1863 ስለ ማርሽ ጥርሶች ቅርጽ ባቀረበው ጥናት የዶክተርነት ማዕረግ ሲያገኝ፣ በምሕንድስና ይህን ማዕረግ በአሜሪካ ምድር የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1866ም ለባቡር ፉርጎ የሚያገለግል የተሻሻለ ፍሬን ፈልስፎ የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። ስለዚህ በኋላ በንድፈ ሐሳብ ሊቅነቱ ቢታወቅም ሥራውን የጀመረው እንደማንኛውም መሐንዲስ ከማርሽና ከፍሬን ነበር። በዚያው ዓመት ከሁለት እኅቶቹ ጋር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፓሪስ፣ በበርሊንና በሃይደልበርግ የዘመኑን ሊቃውንት ትምህርት ተከታተለ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ሲያዳምጥና ሲያነብ ቆየ እንጂ አንድም ጽሑፍ አላሳተመም። በ1869 ወደ ኒው ሄቨን ከተመለሰ በኋላ ከአሜሪካ ዳግመኛ አልወጣም።

በ1871 ዬል የሒሳባዊ ፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው፤ ሹመቱ ግን ደመወዝ አልነበረውም። ከወላጆቹ በወረሰው ሀብት እየኖረ ዘጠኝ ዓመት ያህል በነፃ አስተማረ። ሚስት አላገባም። አባቱ ባሠራው ቤት ከእኅቱና የዬል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከነበረው ባሏ ጋር ይኖር ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ትምህርቱም ለብዙዎቹ ከባድ ነበር። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ይህ ኑሮ ከዓለም የተለየ የባሕታዊ ኑሮ ይመስላል።

በ1873 ጊብስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የቴርሞዳይናሚክስ ጥናቶቹን አወጣ። የእንፋሎት ሞተርን ሥራ የሚያጠኑ ሰዎች እስከዚያ ድረስ ግፊትንና ይዘትን በሚያሳይ ንድፍ ይጠቀሙ ነበር። እርሱ ግን የአንድን ነገር ኃይል፣ ኤንትሮፒና ይዘት በአንድነት የሚያሳይ ባለሦስት ገጽታ ቅርጽ ሊሠራ እንደሚቻል አስረዳ። ጥናቶቹን ያሳተመው የኮነቲከት የሳይንስና የኪነ ጥበብ አካዳሚ በሚያወጣው መጽሔት ላይ ነው። ይህ ማኅበር የከተማው ምሁራን የሚሰበሰቡበት አነስተኛ ማኅበር ስለነበር መጽሔቱን ከአትላንቲክ ማዶ የሚያነቡት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ የወጣ ጥናት እንደ ተቀበረ ይቆጠራል።

ጭምቱ ሰው ዘዴውን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። የጥናቶቹን ቅጂዎች ለየብቻ እያሳተመ ጽሑፉን ሊረዱት ይችላሉ ብሎ ላመነባቸው ሊቃውንት በየአገራቸው በፖስታ ይልክ ጀመር። ለማን ምን እንደላከ የሚያሳይ የስም ዝርዝር በጥንቃቄ ይይዝ ነበር። ከማያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር የሚከብደው ሰው የቱ ሊቅ በየትኛው ችግር ላይ እንደሚደክም በንባብ አጥንቶ ለዚያው ሰው የሚጠቅመውን ጽሑፍ ይልክለታል። ላኪው የሚያሳፍር ልመና አያቀርብም፤ ተቀባዩም ጊዜ ሲኖረው ያነበዋል። አባቱ በወደብ ላይ በድምፅ ያደረገውን ልጁ በፖስታ ቤት በኩል አደረገው።

ቅጂዎቹ ከደረሷቸው ሰዎች አንዱ የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ንድፈ ሐሳብ የደረሰው የካምብሪጁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነበር። ማክስዌል የጥናቶቹን ዋጋ ወዲያው ተረዳ። በ1874 ጊብስ በጽሑፍ የገለጸውን የውኃን ቅርጽ በገዛ እጁ ከጭቃ ሠራ፤ ከዚያም በጀሶ አስቀርጾ አንዱን ወደ ኒው ሄቨን ላከለት። ስለ ሙቀት በጻፈው መጽሐፍ አዲስ እትም ውስጥ የጊብስን ዘዴ ጨመረ፤ ለለንደን ኬሚስቶችም ጥቅሙን በንግግር አስረዳ። ሁለቱ ሰዎች በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ጊብስ ተማሪዎቹ ያንን የጀሶ ቅርጽ ማን እንደላከለት ሲጠይቁት በእንግሊዝ አገር ያለ አንድ ወዳጅ መሆኑን ብቻ ይነግራቸው ነበር ይባላል። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የፊዚክስ ሊቃውንት በአንዱ ስም ለመኩራራት እንኳ አልፈለገም።

ከ1875 እስከ 1878 ድረስ በዚያው መጽሔት ላይ ልዩ ልዩ ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ስለሚኖራቸው ሚዛናዊነት ዋናውን ሥራውን አሳተመ። ሥራው ሦስት መቶ ገጽ ያህልና 700 ቁጥር የተሰጣቸው የሒሳብ ቀመሮች ነበሩት። የማኅበሩ አባላት ጽሑፉን አልተረዱትም፤ የማተሚያው ወጪም ከማኅበሩ አቅም በላይ ነበር። ሆኖም ጊብስን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቁትና ስለሚያምኑት መዋጮ ሰብስበው አሳተሙለት። ይህ እምነት በከንቱ የተጣለ አልነበረም። ጊብስ በተማረበት የሆፕኪንስ ሰዋስው ትምህርት ቤት በኋላ ለብዙ ዓመታት የበላይ ጠባቂ ሆኖ አገልግሏል፤ የትምህርት ቤቱንም ገንዘብ ይዟል። ትንሹን ኃላፊነት ሳያጓድል የሚፈጽም ሰው ስለ ራሱ ብዙ መናገር ሳያስፈልገው ጎረቤቱ ይመሰክርለታል።

በ1879 ማክስዌል በ48 ዓመቱ ሞተ። የጊብስን ሥራ የሚረዳ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፣ እርሱም ሞተ እየተባለ በዬል ይቀለድ ነበር። በተከታዩ ዓመት በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 3000 ዶላር ሊከፍለው ጠየቀው። ጊብስ ለመሄድ ተቃርቦ ሳለ የሥራ ባልደረቦቹ እንዳይለያቸው አጥብቀው ለመኑት፤ ዬልም በመጨረሻ 2000 ዶላር ደመወዝ ቆረጠለት። እርሱም አነስተኛውን ተቀብሎ በሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ቀረ።

የዝምታው ዋጋ ከባድ እንደነበረ ግን መካድ አይቻልም። ጊብስ አጻጻፉ እጅግ የታመቀ ነበር፤ ምሳሌ አያበዛም፤ አንባቢውንም በመንገዱ አያግዘውም። ከዚህም የተነሣ ሌሎች ሊቃውንት እርሱ አስቀድሞ የደረሰበትን ነገር እንደገና በራሳቸው ጥረት ለማግኘት ደክመዋል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ በ1882 ስለ ነፃ ኃይል ያወጣው ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። ወጣቱ ማክስ ፕላንክም የደከመበትን ነገር ጊብስ ቀድሞ እንደጻፈው የተረዳው ዘግይቶ ነበር። በ1892 እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ዋናው ሥራ ለአብዛኞቹ አንባቢዎች የታመቀ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ቢጽፈው እንደሚሻል በደብዳቤ መከረው። ጊብስ በበኩሉ የሥራው ጉድለት መርዘሙ እንደሆነ የሚያምን መሆኑን ገልጾ መለሰለት። ጭምትነት ከሰው ፊት መራቅን ያስገድድ ይሆናል፤ በጽሑፍ ላይ ለአንባቢው ከማዘን ግን ነፃ አያወጣም።

ያም ሆኖ በፖስታ የተዘራው ዘር ፍሬ ማፍራቱ አልቀረም። በ1892 ቪልሄልም ኦስትቫልድ ዋናውን ሥራ ወደ ጀርመንኛ ተረጐመው፤ በ1899 ደግሞ ሌ ሻተልዬ ከፊሉን ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። ከዚያ በፊት በሆላንድ አገር ቫን ደር ዋልስ የጊብስን ጽሑፍ አንብቦ በሙከራው ውጤት ግራ ለተጋባው ለኬሚስቱ ሮዜቦም አመልክቶት ነበር። ሮዜቦም በጽሑፉ ውስጥ ያገኘው የፌዝ ሕግ በመባል የታወቀውን ነው። ፌዝ ማለት አንድ ነገር እንደ በረዶ፣ እንደ ውኃ ወይም እንደ እንፋሎት ተለይቶ የሚታይበት መልክ ነው። ከክፍለ ነገሮቹ ቁጥር ላይ የፌዞቹ ቁጥር ተቀንሶ ሁለት ሲጨመርበት፣ ሙቀትን፣ ግፊትንና የቅይጥን መጠን ከመሳሰሉት ስንቱን በነፃ መለወጥ እንደሚቻል ይታወቃል። ለምሳሌ ውኃ ክፍለ ነገሩ አንድ ነው፤ በረዶው፣ ውኃውና እንፋሎቱ በአንድነት ሲገኙ ፌዞቹ ሦስት ናቸው። ከአንድ ላይ ሦስት ተቀንሶ ሁለት ሲጨመር ዜሮ ስለሚሆን ሦስቱ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት በአንድ የታወቀ ሙቀትና ግፊት ብቻ ነው። ሮዜቦም በ1900 ይህንኑ ሕግ በብረትና በካርቦን ቅይጥ ላይ ሠራበት። ዛሬ ብረት የሚያቀልጥ፣ የሚያነጥርና የሚያጠነክር መሐንዲስ ሁሉ የሚመለከተው የብረትና የካርቦን ንድፍ በዚህ መንገድ መልክ ያዘ። ኒው ሄቨን ላይ በአንድ ዝምተኛ ሰው የተጻፈው ነገር በሦስት ሰዎች እጅ አልፎ ማቅለጫ ምድጃ ደረሰ።

ጊብስ ዘዴውን በሌላም ሥራ ላይ ደግሞታል። ከ1881 እስከ 1884 ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን የቬክተር ሒሳብ በራሱ ወጪ አሳትሞ ከመቶ ለሚበልጡ ሊቃውንት ላከ። ከተቀበሉት መካከል እንደ እርሱ ከሰው ርቆ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ይገኝበታል፤ እርሱም ተመሳሳይ ዘዴ በራሱ መንገድ አግኝቶ ነበር። የኤድንብራው ፕሮፌሰር ቴት አዲሱን ዘዴ በብርቱ ቃል በነቀፈ ጊዜ ጊብስ በኔቸር መጽሔት ላይ በጨዋ አነጋገር መልስ ሰጠ። መናገር የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲመጣ ዝም አላለም ማለት ነው። በ1886ም በበፋሎ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ስለ አልጀብራ ንግግር አድርጓል።

ጥቂት የነበሩት ተማሪዎቹም ዝምድናውን አስፋፉለት። ኤድዊን ዊልሰን የቬክተር ትምህርቱን በ1901 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ኧርቪንግ ፊሸር የሚዛናዊነትን ሐሳብ ወደ ኢኮኖሚክስ አሻገረው፤ ሊ ዲ ፎረስት በሬዲዮ ቴክኒክ ስም አተረፈ። በ1901 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ታላቁን የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1902 የስታቲስቲካዊ ሜካኒክስ መጽሐፉን አሳትሞ ኤፕሪል 28 ቀን 1903 በ64 ዓመቱ በተወለደበት ከተማ ዐረፈ።

ይህ የሕይወት ታሪክ ጭምት የሆነውን ባለሙያ ጠባይህን ለውጥ አይለውም። ሥራውን በጥራት እንዲሠራ፣ ሥራው ለማን እንደሚጠቅም እንዲያጠና፣ ለዚያ ሰው እንዲልክለትና የላከውን እንዲመዘግብ፣ በአካባቢው ላሉት ደግሞ በትንሹ ነገር ታማኝ ሆኖ እንዲገኝ ይመክረዋል። ጊብስ ያጎደለውን እንዲያሟላ፣ ይኸውም የተቀባዩን ድካም አስቦ በሚገባ ቋንቋ እንዲጽፍ ያስጠነቅቀዋል። በተናጋሪዎች በኩልም ዕዳ አለ። ማክስዌል ከሩቅ አገር የመጣውን የማያውቀውን ሰው ጽሑፍ ባያነብ፣ የኒው ሄቨን ሰዎችም ያልገባቸውን ነገር ለማሳተም መዋጮ ባያወጡ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት ከሰውዬው ጋር በተቀበረ ነበር። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይነበብ የተቀመጠ የአንድ ዝምተኛ ባልደረባ ጥናት ካለ፣ አንስቶ ማንበብ የሙያ ግዴታ ነው።