ሲልቪያ ፓንክረስት እና የኤፒንግ የምርጫ ክልል

ለንደን የምንማር ኢትዮጵያውያን የሲልቪያ ፓንክረስትን ስም ሳንሰማ አንቀርም። አንዳንዶቻችን በእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታሪክ ውስጥ፣ አብዛኞቻችን ደግሞ በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ የተሟገቱ ወዳጅ እንደሆኑ እናውቃቸዋለን። እምብዛም የማይነገረው ግን የት ሆነው ይህን ሁሉ እንደሠሩ ነው። ሲልቪያ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩት ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ዉድፎርድ ግሪን ነበር። ይህች ሰፈር ያኔ ኤፒንግ የሚባል ሰፊ የገጠር የምርጫ ክልል አካል ነበረች፤ የክልሉ ተወካይም ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲልቪያ በ1882 ማንቸስተር ውስጥ ተወለዱ። የቤታቸው ወሬ ምርጫ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባታቸው ሪቻርድ ፓንክረስት ሴቶች እንዲመርጡ የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን የሕግ ረቂቅ ያዘጋጁ ጠበቃ ናቸው። እኚህ ሰው ሦስት ጊዜ ለፓርላማ ተወዳድረው ሦስቱንም ተሸንፈዋል፤ በ1883 በማንቸስተር፣ በ1885 በለንደኑ ሮዘርሃይዝ፣ በ1895 ደግሞ በጎርተን። በመጨረሻው ሽንፈት ጊዜ ሲልቪያ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ትክክል ነው ብሎ ያመኑበትን ነገር ይዞ መሸነፍ ምን እንደሚመስል ገና በልጅነታቸው አይተዋል።

ሥዕል ተምረው፣ በ1904 በለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገቡ። እንደ እኛው ተማሪ ሆነው ነው ወደዚህ ከተማ የመጡት። እናታቸው ኤመሊን በ1903 የመሠረቱት የሴቶች ማኅበር ትግሉን ሲያጋግለው፣ ሲልቪያም ብሩሻቸውን ለማኅበሩ ዓርማና ሰሌዳ አዋሉት። በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ እስሩ ተደጋገመ፤ በ1913 በረሃብ አድማ ላይ ሳሉ በግድ በቱቦ እንዲመገቡ ተደርገዋል።

ስለ ምርጫ ክልል ትልቁን ትምህርት ያገኙት በምሥራቅ ለንደን ነው። በ1912 የቦው እና ብሮምሊ ተወካይ ጆርጅ ላንስበሪ የሴቶችን የመምረጥ መብት ደግፈው ወንበራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁና በዚያው ጥያቄ ላይ ማሟያ ምርጫ ተካሄደ። ላንስበሪ በ751 ድምፅ ተሸነፉ። የሚመርጡት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ የሴቶች መብት ለፍርድ የቀረበው ሴቶች በሌሉበት ሸንጎ ነበር ማለት ነው። ደጋፊዎቹም እርስ በርስ አልተስማሙም ነበር። ሲልቪያ ግን ከሽንፈቱ በኋላ ሰፈሩን ጥለው አልሄዱም። ቦው ውስጥ ከሠራተኛ ሴቶች ጋር ተደራጁ፣ ጋዜጣ ጀመሩ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ርካሽ ምግብ ቤትና የሕፃናት ማቆያ ከፈቱ። ከሀብታም ሴቶች ይልቅ ድሆችን ማስቀደማቸው ከእናታቸውና ከእህታቸው ክሪስታቤል ጋር አጣላቸው፤ በ1914 ከማኅበሩ ተባረሩ።

በ1918 ከ30 ዓመት በላይ የሆኑና የንብረት መስፈርቱን ያሟሉ ሴቶች መምረጥ ቻሉ። ከወንዶች ጋር እኩል የሆኑት በ1928 ነው። የሚገርመው፣ ለዚህ መብት ደማቸውን የሰጡት ሲልቪያ ራሳቸው በ1918 ለፓርላማ እንዲወዳደሩ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። በዚያ ዘመን ኮሚኒስት ነበሩ፤ ፓርላማ ድሃውን ነጻ ያወጣዋል ብለው አያምኑም ነበር። በዚህ አቋማቸው ከሌኒን ጋር እንኳ ተከራክረዋል።

ወደ ዉድፎርድ የመጡት በ1924 ገደማ ነው። ጣሊያናዊውን ስደተኛ ጋዜጠኛ ሲልቪዮ ኮሪዮን ይዘው በአንዲት ጎጆ ቤት ሻይ እየሸጡ ኑሮ ጀመሩ። ልጃቸው፣ ኋላ የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቅ የሆኑት ሪቻርድ ፓንክረስት፣ በ1927 ተወለዱ።

የኤፒንግ የምርጫ ክልል የተቋቋመው በ1885 ነው። የኤፒንግን ደን፣ የእርሻ መንደሮችንና ትንንሽ የገበያ ከተሞችን ይዞ ከለንደን ዳርቻ እስከ ሃርሎ ይደርስ ነበር። ቸርችል ወንበሩን በ1924 አገኙ፤ በ1929፣ በ1931 እና በ1935ም አሸነፉ። ለወግ አጥባቂዎች የተመቸ ወንበር ነበር። ቢሆንም በ1938 መጨረሻ የሙኒክን ስምምነት በመቃወማቸው የገዛ ፓርቲያቸው የአካባቢ አባላት ሊያነሷቸው ሞክረው ነበር። ሲልቪያና ቸርችል በብዙ ነገር አይገናኙም። ቸርችል በ1927 ሮም ሄደው ሙሶሊኒን አሞግሰዋል፤ ሲልቪያ ደግሞ ስለ ፋሺዝም አደጋ ከብዙዎች ቀድመው ይጮኹ ነበር።

የ1935 ምርጫ ለእኛ ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች በስድስት ሳምንቷ፣ በኅዳር ወር፣ የእንግሊዝ መንግሥት የመንግሥታቱን ማኅበር እደግፋለሁ ብሎ የሕዝብ ድምፅ ጠየቀና አሸነፈ። በወሩ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው የኢትዮጵያን መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት እንደተስማሙ ተሰማ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ የተወካዮች ጠረጴዛ በደብዳቤ ተጥለቀለቀ፤ ሆርም ሥልጣን ለቀቁ። ወረራው ባይቆምም፣ በሁለት ምርጫዎች መካከል ያለ መራጭም ሚኒስትር ሊያወርድ እንደሚችል ታየ።

ሲልቪያ የሠሩበት መሣሪያ ይኸው ነው። አዲስ አበባ በጠላት የተያዘችበት ግንቦት 5 ቀን 1936፣ ማለትም ሚያዝያ 27፣ የሲልቪያ 54ኛ የልደት ቀን ነበር። በዚያው ሳምንት "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፒያ ኒውስ" የተባለውን ጋዜጣ ጀመሩ፤ ለ20 ዓመት በየሳምንቱ አወጡት። ሌሎች ጋዜጦች ጉዳዩን ሲረሱት የግፉንና የአርበኞቹን ዜና እርሳቸው ያትሙ ነበር። ለሚኒስትሮች፣ ለጋዜጦችና ለፓርላማ አባላት ያለ ማቋረጥ ይጽፉ ነበር። በየምርጫ ክልሉ ያሉ አንባቢዎቻቸው ተወካያቸውን እንዲወተውቱ፣ ተወካዮችም በምክር ቤት ጥያቄ እንዲያነሱ ይገፋፉ ነበር። አጋጣሚው ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ በልደታቸው ዕለት ነው።

ከድል በኋላም አላረፉም። የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ ያለውን ቁጥጥር እንዲያነሳ፣ ኦጋዴንም እንዲመለስ ተከራከሩ፤ የገዛ አገራቸው የስለላ መሥሪያ ቤት በዓይነ ቁራኛ ይከታተላቸው ነበር። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ። ነቀፌታም አላጡም። የቀድሞዋ ኮሚኒስት የንጉሥ ወዳጅ መሆናቸው ብዙ የትግል ጓዶቻቸውን ግራ አጋብቷል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ መወትወታቸውም እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

በ1945 የኤፒንግ መራጭ እጅግ ስለበዛ ክልሉ ተከፈለ። ቸርችል አዲሱን የዉድፎርድ ወንበር ያዙ። ሌበርና ሊበራል ፓርቲዎች ሳይወዳደሯቸው ቢቀሩም፣ አንድ ብዙም የማይታወቁ ገበሬ በግል ተወዳድረው ከ10 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙባቸው። በቀሪው ኤፒንግ ደግሞ የሌበሯ ሊያ ማኒንግ አሸነፉ። አንዲት ሴት የዚያን የገጠር ክልል ወንበር ያዙ ማለት ነው። የኤፒንግ ክልል በ1974 ከካርታ ወጣ።

ሲልቪያ በ1956 ቤታቸውን ትተው ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ፣ በ1957፣ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ኢትዮጵያውያን፣ ሴቶችም ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ መረጡ። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ዋናው ሥልጣንም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ገቡ። ለሴቶች ድምፅ ታስረው የተራቡት ሲልቪያ ይህን በሁለተኛ አገራቸው ለማየት በቁ። በ1960 በመስቀል በዓል ዕለት አረፉ፤ ወለተ ክርስቶስ ተብለው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ።

የሴንትራል መስመርን ባቡር ይዞ ዉድፎርድ ለሚወርድ ሰው ሁለት መታሰቢያዎች አሉ። አንዱ የቸርችል ትልቅ ሐውልት ነው። ሌላው ሲልቪያ የአየር ድብደባን ለመቃወም ያስቆሟት አጭር የድንጋይ ቦምብ ናት። ከመካከላችን ብዙዎች እዚህ አገር ገና የፓርላማ ድምፅ የለንም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለፓርላማ መምረጥ አይችልም። ዜግነት ያገኙ ቀደምት ተመራቂዎቻችን ግን ይመርጣሉ። የአካባቢው ተወካይ ደግሞ የመረጠውንም ያልመረጠውንም ነዋሪ ሁሉ ይወክላል፤ ደብዳቤ ለመጻፍ የምርጫ ካርድ አይጠየቅም። ሲልቪያ አንድም ቀን ወንበር አልያዙም። የያዙት ብዕርና የአድራሻ መዝገብ ነበር፤ በዚያም የገጠር ሰፈር ተቀምጠው ለ20 ዓመት ስለ እኛ አገር ሲጽፉ ኖሩ።