የአልጋ ዳር መምህርት፦ ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ

እ.ኤ.አ. በ1893 በጃማይካ የተወለዱት ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ በኦክስፎርድ ሕክምና ተምረው በ1929 ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬይቱ ጋና፣ ተሻገሩ። በዚያም እጅና እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የሚላጥ ሕፃናት ሲሞቱ ተመለከቱ። አንዳንድ የጊዜው ሊቃውንት ሕመሙን ፔላግራ ነው ቢሉም፣ እርሳቸው በአልጋ አጠገብ ያዩትን አልለወጡም፤ ከምግብ ጉድለት የሚመጣ ሌላ ደዌ መሆኑን በ1933 ጻፉ። በ1935ም በጋ ቋንቋ ክዋሺዎርኮር የተባለውን፣ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘውን የበሽታ ስም ለዓለም አስታወቁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሲንጋፖር ከጃፓኖች እስር ተርፈው፣ በ1948 በዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍልን መሩ፤ በቤሩትም አስተማሩ። በ1992 አረፉ።

ሕይወታቸው ለሥነ ምግብ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የተወው ቁም ነገር በወሎም ይሠራል። በሐራ ወይም በመርሳ ጡት ጥሎ በማሽላ ገንፎ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ሲያብጥ የወፈረ ይመስላል፤ ውኃው ስለሚከብድ ሚዛንም ያታልላል። ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ተጭኖ ጉድጓዱን ማየት ግን የሚለመደው በመጽሐፍ ሳይሆን፣ ልምድ ያለው መምህር ባለበት በሕሙማን ክፍል ነው።