ሶፊ ዠርሜንና የላሜራው ድምፅ

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም በብየዳ ቤት በኩል ያለፈ ሁሉ ሰምቶታል፤ ላሜራ ሲወድቅ ሰፊው ያጉረመርማል፣ ትንሹ ይጮኻል። በጣና ገዳማት የሚመታው የድንጋይ ደወልም ያው ዝርግ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ዝርግ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ለማስላት መንገዱን የጀመረችውን ሴት ታሪክ በዛሬው እትማችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶፊ ዠርሜን በ1776 ፓሪስ ከሐር ነጋዴ ቤት ተወለደች። በ13 ዓመቷ አብዮት ሲፈነዳ ከቤት መውጣት ቀረና ያባቷን መጻሕፍት ተያያዘችው። ወላጆቿ ሌሊት እንዳታጠና ሻማዋንና ልብሷን ቢወስዱባትም አልተወችም። በ1794 የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ ሴት አይቀበልም። ታዲያ ምን ታድርግ? የትምህርቱን ማስታወሻ እያስመጣች አጠናች፤ ለብላን በሚል የወንድ ስም ሥራዋን ለመምህሩ ለላግራንዥ ላከች። ላግራንዥ ማንነቷን ሲደርስበት አበረታታት።

በዚያን ጊዜ ክላድኒ የሚባል ጀርመናዊ በብረት ዝርግ ላይ አሸዋ ነስንሶ ጠርዙን እንደ ማሲንቆ በደጋን ሲገዘግዘው፣ አሸዋው በማይነቃነቁት መስመሮች ላይ ተሰብስቦ ጉድ የሚያሰኝ ቅርጽ ያወጣ ነበር። ናፖሊዎን አይቶ ተደነቀ፤ በ1809 ነገሩን በሒሳብ ለሚያስረዳ ሽልማት ታወጀ። በ1811 የቀረበው ጽሑፍ አንድ ብቻ፣ የሷ ነበር፤ ስሕተት ተገኝቶበት ወደቀ። እኩልታውን ላግራንዥ አረመው። በ1813 ምስጋና ብቻ አገኘች፤ በ1816 በሦስተኛው ሸለሟት፣ እሷ ግን ወደ በዓሉ አልሄደችም። እንደኛ አስተያየት ስሕተቱ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ክፍል ገብታ ደረጃ በደረጃ የተማረችው ሒሳብ ስላልነበረ ነው።

የእኩልታው ጥቅም ይኸውላችሁ። አራቱም ጠርዙ የተደገፈ፣ 1 ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ላሜራ ዝቅተኛው ርግብግቢቱ በሰከንድ 12 ያህል ነው። ጆሯችን የሚሰማው ከ20 ገደማ ጀምሮ ስለሆነ ይህን እጅ እንጂ ጆሮ አያገኘውም። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን 24 ይሆናል፤ ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱም ወርዱም እጥፍ ቢሆኑ ግን ወደ 3 ይወርዳል። ጠርዙ የተለቀቀውን፣ የክላድኒን ዓይነት ካሬ ዝርግ ለማስላት ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ እስከ ሪትዝ፣ እስከ 1909 ድረስ ቆየ።

ሶፊ በ1831 በጡት ካንሰር ሞተች። በሞት መዝገቧ ላይ የሒሳብ ሊቅ ሳይሆን በንብረቷ ገቢ የምትኖር ሴት ተብላ ተጻፈች። በ1889 ተሠርቶ ባለቀው የኤፌል ግንብ ላይ ከተቀረጹት 72 የሊቃውንት ስሞች ውስጥ ላግራንዥ አለ፤ የሷ የለም።