ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የተጻፈ ሕግ

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገኑ የምድር ባቡር ኩባንያ የተከለውን ከዚራን፣ በማዶው የአገሬውን ሰፈር መጋላን ይዟል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የመጨረሻ የአገልግሎት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህች ከተማ ነው።

በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ የተሻገሩት እኒህ ሊቅ፣ በጀርመን አገር ሕክምና ተምረው ተመለሱ። በኋላም የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

በዚያ ዘመን አንድ ሠራተኛ ፈረንሳዊ አሠሪውን ሲከስ፣ በ1900 ዓ.ም. በተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል መሠረት ጉዳዩን ኢትዮጵያዊ ዳኛ ከፈረንሳይ ቆንስል ጋር ሆኖ ያየዋል፤ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። ሠራተኛው ግን በማያነበው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርዱ የተሳተው የት ላይ እንደሆነ ለማመልከት የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በጽሑፎቻቸው አጥብቀው ከጠየቁት ማሻሻያ አንዱ ሕግ በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ እንዲደነገግ ነው። ይህን ሳያዩ በ1911 ዓ.ም. በጎልማሳነታቸው ዐረፉ፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በአዋጅ የቆመው በ1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቦርዱ በፍሬ ነገር የደረሰበት ድምዳሜ ጸንቶ፣ ይግባኝ የሚባለው በሕግ ነጥብ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ይግባኝ የሚረባው ባለጉዳዩ ሕጉን አንብቦ ስሕተቱን ለመጥቀስ ሲችል ነው፤ ነጋድራሱ የጠየቁትም ይህንኑ ነበር።